አውሮፕላኑ የወረደበት ክፍል

ለሊሴ መጠይቁን ወደ አማርኛ ለመመለስ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀባት። በሙያዋ ነርስ ናት፤ ከነቀምት መጥታ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ልታጠና የተነሣችው በሽምግልና ዘመናቸው ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎችን ነው፤ ለሳንባ ምች ወይም ለእግር ቁስል መጥተው፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ድንገት አእምሯቸው የሚምታታባቸውን። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። «መቃዠት» ልትለው ፈልጋ ነበር፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ተኝቶ የሚቃዥም እኮ አለ» አሏት። «የአእምሮ መታወክ» ስትለው ደግሞ እብደት መሰለባት። በመጨረሻ «ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር» ብላ ጻፈች። ከእሷ በቀር ይህን ቃል በአፉ ያዞረ ሰው አልነበረም።

መጠይቁ ራሱ አጭር ነው። ዛሬ ቀኑ ማን ነው? አሁን የት ነው ያሉት? የዓመቱን ወራት ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወንዶች የሚተኙበት ክፍል ገብታ መምህር ነጋሽን ጠየቀቻቸው። መምህር ነጋሽ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። የደብረ ማርቆስ ሰው ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው ጂንካ ተመድበው መጥተው በዚያው ቀሩ። ከከተማው ሠራተኛ የግማሹን ፊደል አርመዋል ቢባል ማጋነን አይደለም። ስኳር ስላለባቸው እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ነው የተኙት።

«ወራትን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» አለቻቸው።

«ከየትኛው መጨረሻ?» አሉ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው። «ጳጉሜን ወር ናት ብለሽ ነው ወይስ አይደለችም ብለሽ? መጀመሪያ እሱን ወስኚ።»

«እርስዎ እንደመሰለዎት።»

«ጥናት በመሰለኝ አይሠራም፣ ልጄ።»

ከዚያ ከጳጉሜን ተነሥተው እስከ መስከረም ሳይደናቀፉ ወረዱ። ወረቀቱንም ተቀብለው «ምህረት» የሚለውን ቃል በሃሌታው «ሀ» ስለጻፈችው በራሳቸው ብስክሪቢቶ አረሙላት። አጠገባቸው ወንበር ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው እትዬ አለምነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታገሺው እናቴ። በሠርጋችን ቀን ሲመርቁን የነበሩትን ሽማግሌ እንኳ አርሟል።»

ለሊሴ እየሳቀች «ችግር የለም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች።

በማግስቱ ከመምህሩ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ አቶ ኤርጎ ተኙ። አቶ ኤርጎ የአሪ ሰው ናቸው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ፣ አውሮፕላን ከተማው መሀል ሣር ላይ ያርፍ በነበረበት ጊዜ፣ የሜዳው ጥበቃ ነበሩ። ሥራቸው ለመናገር ቀላል ነው፤ አውሮፕላኗ ከሰማይ ድምፅ ስታሰማ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ላሞች፣ ኳስ የሚራገጡትንና ወደ ገበያ የሚያቋርጡትን ሰዎች ሁሉ ጠራርጎ ማስወጣት። ሳንባ ምች ታመው ልጃቸው ፅጌረዳ በባጃጅ ይዛቸው መጣች። ፅጌረዳ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋን ዘግታ ነው የምታስታምማቸው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ የመጠየቂያ ሰዓት ስለነበር ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። አቶ ኤርጎ በድንገት ብድግ አሉና ግሉኮሱ የተሰቀለበትን ብረት እንደ በትር ጨበጡ።

«ሃይ! ሃይ! ውጡ ከሜዳው! ውጡ!»

ጠያቂዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ብረቱ ሲወዛወዝ ግድግዳው ላይ ተጣበቁ። አንዱ «ይታሰሩ እንጂ፣ ወድቀው ይሰበራሉ» አለ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት እጇን ዘርግታ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። ፅጌረዳ የምሳ ዕቃውን እንደ ታቀፈች ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ! ፅጌ ነኝ!»

«አንቺ ደግሞ ጥጃሽን ይዘሽ ውጪ!»

ለሊሴ ወረቀቷን ይዛ ቀረበች። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ስታስታውሰው የምታፍርበት ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት አፏ ላይ የመጣው መጠይቁ ነበር።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?»

«ቅዳሜ!»

«አሁን የት ነው ያሉት?»

«ሜዳ ላይ ነኛ! ልጄ፣ አንቺም ቆመሽ ታወሪያለሽ? መጣች እኮ!»

በዚህ መሀል እውነቱ የተባለው ነርስ የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋ በር ላይ ደረሰ። እውነቱ ተወልዶ ያደገው ጂንካ ነው፤ አቶ ኤርጎ ከዚያ ሜዳ ስንቴ እንዳባረሩት ራሱ ያውቃል። ቆም ብሎ ሽማግሌውን አያቸው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሕዝብ አየ፣ ገባው።

«አባባ ኤርጎ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «ሜዳው ነጻ ነው ወይ?»

«ትንሽ ጠብቅ! ያቺ ቀይ ላም አልወጣችም!»

ቀይ ሹራብ የለበሱት እትዬ አለምነሽ ናቸው። ወንበራቸውን ይዘው ተነሡና «ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ አትቆጣ» እያሉ ወደ ግድግዳው ሄዱ።

አቶ ኤርጎ ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱ። «ውረድ!» አሉ።

እውነቱ ጋሪውን በሁለቱ አልጋዎች መሀል ቀስ አድርጎ ነዳው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ጠያቂው ሁሉ አጨበጨበ። አቶ ኤርጎ በረጅሙ ተነፈሱ፣ ብረቱን ለቀቁ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ለመርፌው እንደ ልጅ ዘረጉ።

ዶክተር የአብሥራ መጥታ ስትመረምራቸው ትኩሳታቸው እጅግ ጨምሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። መነጽራቸው ቤት ቀርቷል፤ አልጋቸውም ጨለምለም ባለው ጥግ ነበር። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ፅጌረዳ መነጽሩን ልታመጣ ከመሄዷ በፊት ለሊሴ ወደ ጎን ወሰደቻት።

«አይዞሽ፣ እብደት አይደለም። ሰውነት ሲታመም አእምሮም አብሮ የሚታመምበት ጊዜ አለ። ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ውኃ ሲጠጡ፣ የሚያውቁት ፊት አጠገባቸው ሲሆን ይመለሳሉ። አትከራከሪያቸው፤ በቀስታ ስምሽን ንገሪያቸው።»

«ጸሎቱስ ይቅር?» አለች የምትጸልየዋ እህት።

«አይቅር። ብቻ ጩኸቱ እንዳያስደነግጣቸው ዝግ ተብሎ ይጸለይ።»

ሴትዮዋ ተስማማችና በሹክሹክታ ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ከአውሮፕላኑ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረም። ለሊሴም ውሎዋ አቶ ኤርጎ ዘንድ ሆነ። መምህር ነጋሽን ጠዋት ጠዋት በጨረፍታ ነበር የምትጠይቃቸው።

«እንዴት አደሩ፣ መምህር?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል ፈገግ ብለው።

እትዬ አለምነሽ ደስ ብሏቸዋል። «አየሽው? ሆስፒታል ጨዋ አደረገው! በአርባ አንድ ዓመት እንዲህ ዝም ብሎልኝ አያውቅም።»

ለሊሴም ሐሙስም ዓርብም «ችግር የለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጋ አለፈች።

ዓርብ ረፋድ ላይ አቶ ኤርጎ ወደ ልቦናቸው ተመለሱ። ትኩሳታቸው ወርዷል፤ መነጽራቸውን አድርገው በመስኮቱ ሰማዩን ያያሉ። ለሊሴ ስትቀርብ ግን ጋቢውን እስከ ዐይናቸው ሳቡት።

«ልጄ ሁሉንም ነገረችኝ» አሉ። «አውጡኝ። ቤቴ ልሂድ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ወዶዎታል» አለች ለሊሴ። «እኔ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቅዎትና ፈቃድ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ስለ እርስዎ ጽፌያለሁ። ያኔ እርስዎ መፍቀድ ስላልቻሉ ልጅዎ ፈረመችልኝ። አሁን ካልፈቀዱ እቀደዋለሁ።»

አቶ ኤርጎ ጋቢውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። «ምን ብለሽ ጻፍሽ? አንብቢው።»

«‹ታካሚው በዘጠኝ ሰዓት ከአልጋቸው ተነሥተው ላሞችን ከክፍሉ አባረሩ።›»

«ስንት ላም?»

«ስንት እንደሆኑ አልጻፍኩም።»

«ብዙ ነበሩ።» ከጋቢው ሥር ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ለሊሴ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቁ ነበር። «አትቅደጂው። ግን ይህን ጨምሪበት፤ ሰው መሆናችሁንም አውቅ ነበር። ላምም ነበራችሁ፣ ሰውም ነበራችሁ። ሁለቱም እውነት ነበር። ልጄንም አውቄያታለሁ፤ ግን አውሮፕላኗ ትጨፈልቃታለች ብዬ ፈራሁ።»

ለሊሴ ብዙ ጽሑፍ ስለ ዴሊሪየም አንብባለች፤ ከዚያ ውስጥ ሆኖ የመጣ ሰው ሲነግራት ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ብስክሪቢቶዋን አስቀምጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ከላሞቹ በፊት ሌላ ነበር» አሉ አቶ ኤርጎ ሳቃቸውን ገታ አድርገው። «እሱ ይብሳል። ዝም ብዬ ተኝቻለሁ። ጣሪያው ይሄዳል፣ ይመጣል። ሰው ያወራል፤ ድምፁን እሰማለሁ፣ ነገሩን አልሰማም። አንዲት ልጅ መጥታ ‹እንዴት ነዎት› አለችኝ። ‹ደህና› አልኳት።»

«እኔ ነበርኩ» አለች ለሊሴ።

«አንቺ ነሽ? ደህና አልነበርኩም። ‹ደህና› ለማለት እኮ አእምሮ አያስፈልግም፤ አፍ ራሱ ይለዋል። በሞት አፋፍ ያለውንም ሰው ‹እንዴት ነህ› ብትዪው ‹ደህና› ነው የሚልሽ።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ ጎረቤታቸው አልጋ አመለከቱ። «ያ ሰውዬ አሁን እዚያ ነው ያለው።»

«መምህር ነጋሽ? እሳቸው እኮ ሰላም ናቸው፤ ጸጥ ብለው ነው የተኙት።»

«ማክሰኞ ስገባ ስሜን በየትኛው ‹ኤ› እንደምጽፍ ጠይቆኝ ግማሽ ሰዓት አስተማረኝ። ያኔ ሳንባዬ ልትፈነዳ ነበር፤ እሱ ግን አላዘነልኝም። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አላስተማረኝም።»

ለሊሴ ተነሥታ ወደ መምህር ነጋሽ ሄደች። ዐይናቸው ክፍት ነው። ወራትን ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ጠየቀቻቸው። «ጳጉሜን» አሉና ቆዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደክሞት ነው» አሉ እትዬ አለምነሽ፤ ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

«እትዬ፣ መምህር ዝም ብለው የማያሳልፉት ነገር ምንድን ነው?»

«ስህተት ነዋ! ‹መምህራኖች› በዪው እስቲ። በዚያ ቃል ከወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፏል።»

ለሊሴ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። «መምህር፣ ዛሬ ብዙ መምህራኖች ሊጠይቁዎት መጥተዋል።»

መምህር ነጋሽ ዐይናቸውን ቀስ ብለው አነሡ፣ አዩዋት፣ አሁንም ፈገግ አሉ።

«ደህና» አሉ።

እትዬ አለምነሽ የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ። «ነጋሽ የለም! እዚህ የተኛው ነጋሽ አይደለም! ሐኪም ጥሩልኝ!»

ዶክተር የአብሥራ እየሮጠች መጣች። የመምህሩን ሆድ ስትነካ የሽንት ፊኛቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከታዘዘላቸው መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ስትጠይቅ እትዬ አለምነሽ ከዘንቢላቸው ትንሽ የኪኒን ማሸጊያ አወጡ።

«ማክሰኞ ማታ ሰውነቴን አሳከከኝ ሲል ከቤት ያመጣሁትን ነው የሰጠሁት። ጠዋትም ማታም። እንቅልፍም ይሰጠዋል ብዬ...»

«ይህ ኪኒን ለወጣት ብዙም አይከፋም» አለች ሐኪሟ። «በእሳቸው ዕድሜ ግን ሽንት ይይዛል፣ አእምሮንም ያምታታል።»

«ገደልኩት?»

«የለም እትዬ፣ በጊዜው ደርሰንበታል። ሲያሳክካቸው ማዘንዎ ልክ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ከመስጠትዎ በፊት ለእኛ ይንገሩን።»

ሽንታቸው በቱቦ ተለቀቀ፤ ኪኒኑም ቀረ። እትዬ አለምነሽ እንባቸው አልቆም አለ። ያኔ አቶ ኤርጎ ከአልጋቸው ወርደው፣ ፅጌረዳን ተደግፈው፣ ወንበር ስበው እትዬ አለምነሽ አጠገብ ተቀመጡ። «እኔ ከዚያ ተመልሻለሁ» አሏቸው፤ «መንገዱ ያስመልሳል። ስሙን እየጠራሽ አውሪው።» ሁለቱ ተራ በተራ ለመምህሩ አወሩላቸው። አቶ ኤርጎ ስለ አውሮፕላን፣ እትዬ አለምነሽ ስለ ልጆቻቸው። ለሊሴ ኮሪደር ላይ ቆማ ወረቀቶቿን ስታገላብጥ ሐሙስና ዓርብ ያደረገቻቸው ሁለት ምልክቶች ዐይኗን ወጉት። በራሷ እጅ ነበር ያደረገቻቸው። ማንንም መውቀስ አልቻለችም።

ሰኞ ስትገባ መምህር ነጋሽ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ገንፎ ይበላሉ።

«እንዴት አደሩ፣ መምህር?»

«ክፉኛ!» አሉ። «ይህ ኤርጎ የምትሉት ሰው ሲያንኮራፋ አደረ። ገንፎውም ጨው የለውም። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሕልሜ ይሁን በውኔ አላውቅም፤ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ‹መምህራኖች› ብሏል። ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ለሊሴ።

«ዩኒቨርሲቲ ነው አይደል የምታስተምሪው?» አሉ መምህር ነጋሽ ማንኪያቸውን አስቀምጠው። ትምህርቱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እትዬ አለምነሽ ከጀመረበት እስካለቀበት ድረስ እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ለሊሴ በዚያው ሳምንት ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረች። እስከዚያ ድረስ ሃያ ሦስት ሰው መዝግባለች፤ ከእነሱ ውስጥ ስንቶቹ «ደህና» እያሉ ከእጇ እንዳመለጡ ማወቅ አይቻልም። «የሚጮሁትን ብቻ ነው ያገኘኋቸው። ዝም ያሉትን ጤነኛ ብያለሁ። ሁሉንም ጥዬ ከአንድ እጀምራለሁ።» ኃላፊው ግንባራቸውን አሹ፤ ጊዜው እንደሚያጥራት አስጠነቀቁ፤ ከዚያ ግን «ይህንኑ ጽፈሽ አስገቢ፤ ከሃያ ሦስቱ ይሄ ይበልጣል» አሏት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሆስፒታል ከወጡ ከወር በኋላ ለሊሴ በፅጌረዳ ልብስ መስፊያ ሱቅ በር ላይ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። መጠይቁን እንዲያዩላት ነው። አማርኛው የመምህር ነጋሽ፣ ወደ አሪኛ መመለሱ የአቶ ኤርጎ ሥራ ሆነ። ከጠዋት ጀምረው ተከራከሩ። «መደናገር» የሚለው ቃል ብቻ እስከ ምሳ ወሰደ። መምህሩ «መደናገርማ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው» ሲሉ፣ አቶ ኤርጎ «እኔስ መንገድ አልጠፋኝም፤ ሜዳዬን አሳምሬ አውቀዋለሁ» አሉ። ፅጌረዳ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ሁለቱንም አንዴ ዝም እንዲሉ ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም።

ከምሳ በኋላ አቶ ኤርጎ እጃቸውን አነሡ።

«ለምን በሽተኛውን ትጠይቂዋለሽ? በሽተኛውማ ‹ደህና› ነው የሚልሽ። ይዞት የመጣውን ሰው ጠይቂ። ‹ይህ አልጋው ላይ ያለው ሰው ይዛችሁት የመጣችሁት ሰው ነው ወይ?› በይ። አለምነሽ ያወቀችው እንደዚያ ነው። ቀኑ ቢጠፋባት፣ ወሩ ቢጠፋባት፣ ባሏን አታጣውም።»

ለሊሴ ዓረፍተ ነገሩን ጽፋ ለመምህር ነጋሽ ሰጠቻቸው። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ብስክሪቢቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ነበር፤ ሳይጠቀሙበት መለሱት።

«ደህና ዓረፍተ ነገር ነው» አሉ።

አዲሱ ጥናት ኅዳር ላይ ተጀመረ። ጥያቄው በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴትና አንድ ሰውዬ ጸጥ ብለው እያሉ ችግር እንዳለባቸው አስቀድሞ አሳየ፤ ሁለቱም በጊዜ ታክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እውነቱና ሌሎቹ ነርሶችም ማንም ሳያዛቸው በየጠዋቱ አስታማሚዎቹን መጠየቅ ጀመሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሃና ከምትባለው ከተማ የመጡ አንዲት ባልቴት ሴቶች ክፍል ተኙ። ወባ ነው። ልጃቸው ኤርሳዶ በወረዳው መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ያደረ፣ ሸሚዙ አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ባልቴቷ ዐይናቸውን ጨፍነው ጸጥ ብለዋል። ለሊሴ ወደ ልጃቸው ዞር አለች።

«ወንድሜ፣ እናትህ ዛሬ ይዘሃቸው የመጣሃቸው ሴት ናቸው ወይ? ጠባያቸው፣ አነጋገራቸው ተለውጦብሃል?»

ኤርሳዶ እናቱን ትክ ብሎ አየ። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ባልቴቷ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ቀደሙት።

«ሌላ ማን ልሆን ነው?» አሉ። «ይልቅ ይህን ሸሚዙን አጥብ በዪው። ከሃና ጀምሮ እየነገርኩት ነው።»

ለሊሴ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ኤርሳዶም እጅጌውን እያራገፈ ወጣ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።